አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ጭኜ የቤት ሰርቨር አደረግኩት፤ እናንተስ ቤታችሁ ምን ሠርታችኋል?

የጓዳ_ሰርቨር (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40)

ሰላም ናችሁ?

የወንድሜ አሮጌ ላፕቶፕ ሁለት ዓመት ሙሉ ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ሲጠጣ ነበር። ራሙ 4 ጊጋ ነው። ስክሪኑ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል። ከኪቦርዱ ሦስት ቁልፎች አይሠሩም። ዊንዶውስ 11 አይቀበለውም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ጥገና ቤት ስወስደው «ለመለዋወጫ ሽጪው» አሉኝ። አልሸጥኩትም። ዴቢያን የሚባለውን ሊኑክስ፣ ማለትም በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ ነፃ ሲስተም፣ ጫንኩበት። አሁን ሳሎን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተቀምጦ፣ ሰርቨር ሆኖ፣ ማለትም ፋይሎቻችንን ለቤቱ ስልክ ሁሉ እያቀረበ ቀን ከሌት ይሠራል።

ነገሩን የጀመርኩት በዳታ ምክንያት ነው። ቤታችን ውስጥ አምስት ሰው አለ። አንዱን ቪዲዮ አምስታችንም በየስልካችን እናወርዳለን። አንዱን የትምህርት ፋይል እህቴ ዛሬ ታወርደዋለች፤ ሲጠፋባት በሳምንቱ ደግማ ታወርደዋለች። ለአንድ ነገር ደጋግሞ መክፈል ያንገበግበኛል። አንዴ ቤት የገባ ነገር እዚያው ይቀመጥ ብዬ ተነሳሁ።

ሳምባ በሚባል የፋይል ማጋሪያ ሁሉም ሰው የሚከፍተው የጋራ ፎልደር አለን። ፊልምና ትምህርታዊ ቪዲዮ ጄሊፊን በሚባል የቪዲዮ ማሳያ ፕሮግራም ነው የምናየው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጄሊፊን ቪዲዮውን ለቴሌቪዥኑ እንዲመች እየቀየረ ልላክ ካለ አሮጌ ፕሮሰሰር ይጨናነቃል፣ ምስሉም ይቆራረጣል። ስለዚህ መቀየሩን ከሴቲንጉ አጠፋሁት። ቴሌቪዥኑ እንዳለ የሚያነበውን ኤች 264 የሚባለውን የቪዲዮ ዓይነት ብቻ አስቀምጣለሁ። ከዚያ ወዲህ አራት ጊጋ ራሙ በቂ ሆኗል።

ከሁሉም የወደድኩት ግን ኪዊክስን ነው። ለማታውቁት፣ ኪዊክስ እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረ ነፃ ሶፍትዌር ነው። ዊኪፔዲያን የመሰለ ትልቅ ድረ ገጽ ዚም በሚባል አንድ ፋይል ተጠቅልሎ ይመጣል። እሱን ሰርቨሩ ላይ ታስቀምጣላችሁ፤ ከዚያ ቤት ውስጥ ያለ ማንኛውም ስልክ በዋይፋይ ብቻ፣ ያለ ኢንተርኔት ይከፍተዋል። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከነፎቶው ከ100 ጊጋ በላይ ነው። ያለ ፎቶ ያለው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። የአማርኛው ትንሽ ስለሆነ ወዲያው ይወርዳል።

ትልቁን ፋይል ያወረድኩት በየሌሊቱ እየቀጠልኩ ነው። ደብልዩጌት የሚባለው ማውረጃ ላይ «ከቆመበት ቀጥል» የሚለውን ምርጫ ካደረጋችሁ፣ መስመር ቢቋረጥም ከዜሮ አይጀምርም። ሲያልቅ የፋይሉን ሻ 256 ቁጥር (ፋይሉ አለመበላሸቱን የሚያሳይ መለያ) ከድረ ገጹ ቁጥር ጋር አመሳክሩ። ይህን ሁሉ ቀን የወረደ ነገር ተበላሽቶ ከሆነ ቶሎ ማወቅ ይሻላል። በፍላሽ ለጎረቤት ልወስድ ስል ደግሞ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» አለኝ፤ ፍላሹ ባዶ ሆኖ እያለ! ፋት 32 ተብሎ ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይዝም። ኤክስፋት አድርጌ ፎርማት ሳደርገው ተስተካከለ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እናንተ ቤት ምን እየሠራላችሁ ነው? ሁለተኛ፣ መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ? የኔ ባትሪ ያረጀ ስለሆነ ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው የሚይዘው።

---

ሽቦና_ካቻቢቴ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25)

እህቴ፣ በርቺ! እኔ የምኖረው አዳማ ነው፤ ሥራዬም ኤሌክትሪክ ነው። ስለ መብራቱ የማውቀውን ልንገርሽ።

ላፕቶፕ ለቤት ሰርቨር ተመራጭ የሚሆነው ባትሪው ከውስጡ ስላለ ነው። ሃያ ደቂቃም ቢሆን ጥቅም አለው፤ ማሽኑ በሥርዓት እንዲዘጋ ጊዜ ይሰጠዋል። ዲስክን የሚጎዳው እየጻፈ ሳለ ድንገት መጥፋቱ ነው። እኔ በየሁለት ደቂቃው የባትሪውን መጠን የሚያነብ አጭር ስክሪፕት፣ ሰዓት ጠብቆ ሥራ የሚያስነሳው ክሮን ላይ አስገብቻለሁ። ቻርጀሩ ተነቅሎ ባትሪው ከ25 በመቶ ከወረደ ማሽኑን ይዘጋዋል። ያንቺ ባትሪ ያረጀ ስለሆነ 40 ላይ አድርጊው፤ ያረጀ ባትሪ 30 በመቶ ብሎ ሳይጨርስ ጭልም ሊል ይችላል።

ቀጥሎ ራውተሩ አለ። ሰርቨሩ በርቶ ራውተሩ ከጠፋ ማንም አያገኘውም። ብዙዎቹ የቤት ራውተሮች በ12 ቮልት ነው የሚሠሩት። ለእነሱ ተብሎ የተሠራ ትንሽ የባትሪ ሳጥን ይሸጣል፤ ከራውተሩና ከቻርጀሩ መሃል ይገባል። ከመግዛትሽ በፊት የራውተሩ ቻርጀር ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር አንብቢ። እሱን ካልፈለግሽ ደግሞ ላፕቶፑ ራሱ ዋይፋይ እንዲያሰራጭ ማድረግ ይቻላል። ኔትዎርክ ማናጀር ላይ ሆትስፖት የሚል አለ። ኢንተርኔት ባይኖርም ኪዊክስ ይከፈታል።

መብራት ሲመለስም ተጠንቀቂ። እኔ እንዳየሁት ዕቃ የሚቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ ሲመለስ ነው። ስታብላይዘር ከሌለሽ ቢያንስ ጥሩ መከላከያ ያለው ዲቫይደር ተጠቀሚ።

አንድ ነገር በጣም አደራ። ቀን ከሌት ቻርጀር ላይ የሚውል ባትሪ ሊያብጥ ይችላል። በወር አንዴ ገልብጠሽ እይው። የታች ሽፋኑ ከተነሳ ወይም ታችፓዱ ወደ ላይ ከወጣ፣ ያኔውኑ አጥፊውና ባትሪውን አስወጪ። ቀዳዳ አታድርጊበት፣ አትጫኚውም። ማሽንሽ ቲንክፓድ ከሆነ ቲኤልፒ የሚባል መሣሪያ አለ። ባትሪው 80 በመቶ ላይ ሲደርስ መሙላት እንዲያቆም ያደርገዋል። ዕድሜውን በጣም ያረዝመዋል።

ፍጆታውን ለሚጠይቁ፦ የኔ ማሽን ስክሪኑ ጠፍቶ 12 ዋት አካባቢ ነው የሚበላው። በ30 ቀን ከ9 ኪሎዋት ሰዓት ያንሳል።

---

ጀማሪ_ነኝ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡02)

ሰላም። እኔ ሊኑክስ ነክቼ አላውቅም። ከአጎቴ የተሰጠኝ ላፕቶፕ አለ፤ 2 ጊጋ ራም ነው፤ ዊንዶውስ 7 ባለ 32 ቢት ተጭኖበታል። ዴቢያን አዲሱን ላውርድ ስል ለ32 ቢት መጫኛ የለውም ይላል። በቃ አይሆንም ማለት ነው? ደግሞ ትዕዛዝ የሚጻፍበት ተርሚናል ያስፈራኛል።

---

የጓዳ_ሰርቨር (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡30)

@ሽቦና_ካቻቢቴ እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። አሁን ገልብጬ አየሁት፤ አላበጠም። ስክሪፕቱን ነገ አስገባለሁ።

@ጀማሪ_ነኝ ተስፋ አትቁረጥ። ዴቢያን 13 ለ32 ቢት መጫኛ ማዘጋጀቱን ትቷል፤ እውነት ነው። ዴቢያን 12 ግን አለው። ከዚያ በፊት ፕሮሰሰሩን እይ። ዊንዶውሱ 32 ቢት ስለሆነ ብቻ ማሽኑ 32 ቢት ነው ማለት አይደለም። በዚያ ጊዜ ብዙ ሰው 64 ቢት ማሽን ላይ 32 ቢት ዊንዶውስ ይጭን ነበር። ተለጣፊው ላይ ኮር 2 ዱዎ የሚል ካለ 64 ቢት ነው። «2» ከሌለችበት፣ ኮር ዱዎ ብቻ ከሆነ፣ 32 ቢት ነው።

64 ቢት ከሆነ ሊኑክስ ሚንትን ኤክስኤፍሲኢ ከሚባለው ቀለል ያለ ገጽታ ጋር ሞክር። ዝቅተኛው መስፈርት 2 ጊጋ ራም ነው። ሳትጭነው ከፍላሽ አስነስተህ እየው፤ ዲስክህን አይነካም። ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ ብርሃኑ መሥራቱን እዚያው አረጋግጥ። ከቻልክ ሃርድ ዲስኩን በትንሽ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ቀይረው፤ 120 ጊጋም ይበቃል። ራም ከመጨመር በላይ ለውጡን የምታየው እሱ ላይ ነው።

ተርሚናሉን አትፍራው። እኔም የጀመርኩት ሦስት ኮማንድ ደብተር ላይ ጽፌ ነው።

---

ጡረተኛው_መምህር (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15)

እንደምን አደራችሁ ልጆቼ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ቤቴ ያለችው ማሽን ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ ነው ያለባት። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆች ይመጣሉ። ኪዊክስ ላይ ፌት የሚባለውን የሳይንስ ማሳያ ጭኜላቸዋለሁ። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው። ልጁ ራሱ ሽቦውን ያያይዛል፣ አምፖሉ ሲበራ ያያል፣ ባትሪ ሲጨምር ብርሃኑ ሲጨምር ያያል። እኔ በጠመኔ ስዬ ሳስረዳ የኖርኩትን ነገር ልጆቹ በእጃቸው ሲነኩት ማየት ደስታው ሌላ ነው።

ስለ አማርኛ ጽሑፍ ማንም አላነሳም። እኔን ሁለት ወር የፈጀብኝ እሱ ነው።

ለመጻፍ ብዙም አያስቸግርም። አይባስ የሚባለው የቋንቋ መቀያየሪያ ላይ ኤም 17 ኤን የሚባለውን የአጻጻፍ ጥቅል ስትጨምሩ አማርኛ ይመጣል። ኪማንም ለሊኑክስ አለ፤ የለመዳችሁት አጻጻፍ ከዚያ ይገኛል። ለፊደል ቅርጽ አቢሲኒካን እወዳለሁ፤ ኖቶም ጥሩ ነው።

ችግሬ የድሮ ፋይሎቼ ነበሩ። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የጻፍኳቸው ፈተናዎችና ማስታወሻዎች አሉ። ሊብሬኦፊስ ላይ ስከፍታቸው የእንግሊዝኛ ፊደል ትርምስ ብቻ ሆኑ። ምክንያቱ ይህ ነው። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት የጋራ የቁጥር ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የላቲን ፊደል ቦታ ላይ የኛን ሥዕል ነበር ያስቀመጡት። ፎንቱ ከሌለ ሥሩ ያለው ላቲን ይወጣል። ዩኒኮድ ከመጣ በኋላም ብዙዎቻችን በለመድነው ፎንት ለዓመታት ቀጠልን።

አሮጌውን ፎንት ፈልጌ ብጭነው ማንበብ ቻልኩ። መፈለግ ግን አይቻልም፤ ስልክ ላይም አይከፈትም። ከእህቴ ልጅ ጋር ተቀምጠን ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ መቀየሪያ ሠራን። የትኛው የላቲን ምልክት የትኛው የአማርኛ ፊደል እንደሆነ ሠንጠረዥ አዘጋጀን። መጀመሪያ የወጣው ጽሑፍ በየቃሉ ተሳስቶ ነበር። በኋላ ገባን። የኛ ፊደል ብዙ ስለሆነ በዚያ ጠባብ ቦታ አልበቃም፤ አንዳንዱ ፊደል በሁለት ምልክት ነው የተሠራው። አንዱን አንዱን እየነጠሉ ሲቀይሩት ይፈርሳል። ጥንዶቹን አስቀድሞ፣ ነጠላዎቹን አስከትሎ መቀየር ነው መፍትሔው። እንዲህ ስናደርግ የ1993 የአሥረኛ ክፍል ፈተናዬ አንድም ፊደል ሳይሳሳት ወጣ። ቁጭ ብዬ ዳር እስከ ዳር አነበብኩት።

ዕውቀቱ ላላችሁ ደግሞ፦ ኢማክስ የሚባለው መጻፊያ በውስጡ የኛን ዘመን አቆጣጠር ያውቃል። የቀን መቁጠሪያውን ከፍታችሁ ፒ፣ ከዚያ ኢ ስትነኩ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይነግራችኋል።

---

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ነኝ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡50)

ጋሼ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ጥንዶቹን አስቀድሞ የሚለው ነገር የኔንም ችግር ፈታልኝ።

እኔ አሜሪካ ሜሪላንድ ነው ያለሁት። ወላጆቼ ደሴ ናቸው። የኔ ፕሮጀክት የአባቴ የጋዜጣ ቁራጮች ናቸው። ከወጣትነቱ ጀምሮ እየቆረጠ ካርቶን ውስጥ ያስቀመጣቸው ናቸው፤ ወረቀቱ እየተሰባበረ ነው። ታናሽ ወንድሜ እዚያ ስካን ያደርጋል። ፋይሉ ሲንክቲንግ በሚባል ፎልደር አመሳሳይ ፕሮግራም ወደኔ ይመጣል። እዚህ ቴሰራክት የሚባለው ፊደል አንባቢ ያነበውና ጽሑፉ የሚፈለግ ፒዲኤፍ ይሆናል። ያው ፋይል ተመልሶ ደሴ ይሄዳል። አባቴ ታብሌቱ ላይ አንድ ቃል ጽፎ የዛሬ አርባ ዓመት ያነበበውን ዜና ያገኘዋል።

ቴሰራክት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኤችፒ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ኮዱ ለሕዝብ የተከፈተ ነው። የአማርኛው ቋንቋ ፋይል ዴቢያን ላይ ተዘጋጅቶ አለ፤ ከዋናው ለብቻው ነው የሚጫነው። ከልምዴ፦ ስካኑ ከ300 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ) አይነስ። ወረቀቱ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ቀለሙ የደበዘዘ ከሆነ ሰ እና ሸ፣ ነ እና ኘ ይምታቱበታል፤ ላይኛዋ ሰረዝ ስትጠፋ ማለት ነው። የእጅ ጽሑፍ ላይ አትሞክሩት። የእናቴን ደብዳቤዎች ሞክሬ አንድ ቃል በትክክል አላወጣም። እነሱን በእጄ እየገለበጥኩ ነው።

ፎቶዎቻችንም በዚያው በሲንክቲንግ ናቸው። ደሴ ያለው ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ሆኖኛል።

---

በር_ዝጋ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡10)

ሁላችሁም ጥሩ ሥራ ነው የያዛችሁት። ግን ሁለት ቦታ ላይ ልቃወም።

@ሲልቨር_ስፕሪንግ_ነኝ ሲንክቲንግ ባክአፕ አይደለም። ሁለቱን ወገን አንድ ዓይነት የሚያደርግ መሣሪያ ነው። ደሴ ያለው ወንድምህ በስህተት ፎልደሩን ቢያጠፋው፣ ሜሪላንድ ያለውም ይጠፋል። አሁኑኑ የፋይል ቨርዥኒንግ የሚለውን አብራ፤ የጠፋውንና የተቀየረውን ለተወሰነ ጊዜ ለብቻ ያስቀምጥልሃል። ከዚያ ሌላ ዲስክ ላይ ቦርግ ወይም ሬስቲክ በሚባሉት የባክአፕ ፕሮግራሞች ቅጂ ያዝ። በሳምንት አንዴ ሰክተህ ቀድተህ ንቀለው። የተነቀለ ዲስክ ላይ በስህተት የሚጠፋ ነገር የለም። የአባትህ ካርቶን ሁለተኛ አይገኝም።

@የጓዳ_ሰርቨር ያንቺም ሁሉ ነገር አንድ አሮጌ ዲስክ ላይ ነው ያለው። ፊልሙና ዊኪፔዲያው ተመልሶ ይወርዳል። የቤተሰብ ፎቶ ካለ ግን ዛሬውኑ ቅጂው። ስማርትሞንቱልስን ጭነሽ የዲስኩን ጤና እይ። ሪአሎኬትድ ሴክተር (ተበላሽቶ በሌላ የተተካ የዲስክ ቦታ) የሚለው ቁጥር ዜሮ ካልሆነና እየጨመረ ከሄደ ዲስኩ እየተሰናበተ ነው።

ሁለተኛው፣ ማንም እዚህ ገና አልተሳሳተም፤ ግን ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። «ከውጭ ሆኜ ልክፈተው» ትላላችሁ፤ ከዚያ ራውተሩ ላይ ፖርት (የውጭ መግቢያ በር) ትከፍታላችሁ። አታድርጉት። እኔ አንድ ጊዜ የኤስኤስኤች (ከሩቅ ማሽን ማዘዣ) ፖርት ከፍቼ ባደርኩበት ሌሊት፣ ጠዋት ሎጉን ሳይ ፓስወርድ የሚገምት ማሽን በሺዎች የሚቆጠር ሙከራ አድርጓል። ከውጭ መግባት ከፈለጋችሁ ዋየርጋርድ የሚባለውን የተመሰጠረ መስመር (ቪፒኤን) ተጠቀሙ፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ሊኑክስ ከርነል (እምብርቱ) ውስጥ አለ። በይለፍ ቃል መግባትን ዘግታችሁ በቁልፍ ፋይል ብቻ አድርጉት። ሲንክቲንግ ፖርት ሳይከፈትም ይገናኛል፤ ቀጥታ ካልተቻለው በአገናኝ ሰርቨር ያልፋል፣ ዳታውም የተመሰጠረ ነው።

ስለ ዳታ ቁጠባ ደግሞ አንድ ልጨምር። ቤታችሁ ከአንድ በላይ ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ ማሽን ካለ አፕት ካቸር ኤንጂ የሚባለውን ሰርቨሩ ላይ ጫኑ። አንዱ ማሽን አፕዴት ሲያወርድ ሰርቨሩ ያስቀረዋል፤ ሌላው ከኢንተርኔት ሳይሆን ከሰርቨሩ ይወስዳል። እኔ ቤት አራት ማሽን አለ፤ አፕዴት የሚወርደው አንዴ ነው።

---

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ነኝ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡05)

ልክ ነህ። ቨርዥኒንጉ ጠፍቶ ነበር፤ አበራሁት። ከሥራ ስመለስ ዲስክ እገዛለሁ። (እህት ነኝ 🙂)

---

በር_ዝጋ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡08)

ይቅርታ እህቴ።

---

የጓዳ_ሰርቨር (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡30)

ዲስኩን አየሁት። ሪአሎኬትድ ሴክተር 16 ይላል። ትናንት 8 ነበር። ትናንት እንዳየሁት ደንግጬ ሌሊቱን የአያቴን የሰማንያ ዓመት በዓል ፎቶዎች ወደ ውጭ ዲስክ ስቀዳ አደርኩ። አያቴ አምና ነው ያረፈችው። ሌላ ቦታ ላይ የሉም ነበር። @በር_ዝጋ፣ ውለታህ አለብኝ።

ነገ ኤስኤስዲ ልገዛ መርካቶ እሄዳለሁ። አፕት ካቸሩን ከአዲሱ ዲስክ ጋር አንድ ላይ እጭነዋለሁ። የባትሪውን ስክሪፕት ደግሞ ሞክሬዋለሁ፤ ቻርጀሩን ነቅዬ ጠበቅኩ፣ 40 ላይ ሲደርስ ራሱን ዘጋ።

ጋሼ መምህር፣ እህቴ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ፌትን አውርጄላታለሁ። ትናንት እራት እስኪቀርብ ድረስ ከኤሌክትሪኩ ላይ አልተነሳችም።

---

ጡረተኛው_መምህር (ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1፡05)

ነፍስ ይማር ልጄ። ፎቶውን እንኳን አተረፍሽው።

ለእህትሽ ካወረድሽላት ማሳያ ጋር የወረቀት ሥራ ጨምሪላት። ማሳያው ላይ ያየችውን ራሷ አስልታ እንድታረጋግጥ አድርጊያት፤ ቮልቱን በሬዚስታንሱ አካፍላ ያገኘችው ቁጥር ሥክሪኑ ላይ ካለው ጋር ይግጠም። መቀየሪያችንን የምትፈልጉ ካላችሁ የእህቴ ልጅ ኮዱን አጽድቶ እዚህ ይለጥፈዋል።

---

ጀማሪ_ነኝ (ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10፡20)

ኮር 2 ዱዎ ነው! 64 ቢት ነበር። ሚንት ከፍላሽ ተነሳ፣ ዋይፋዩ ያዘ፣ ጫንኩት። ይህን የምጽፈው ከእሱ ላይ ነው። የአማርኛ ዊኪፔዲያን ኪዊክስ ላይ አስገብቼ በስልኬ ከፈትኩት። እናቴ ኢንተርኔት ሳይኖር እንዴት ሠራ ብላ ሁለቴ ጠየቀችኝ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ክዳኑን ስዘጋው ይተኛል፣ ስልኬም ያጣዋል። ምን ላድርግ?

---

የጓዳ_ሰርቨር (ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10፡45)

እንኳን ደስ ያለህ! ሚንት ላይ ሴቲንግ ግባ፣ ፓወር ማናጀር የሚለውን ክፈት። ክዳኑ ሲዘጋ የሚለው ጋ «ስክሪን አጥፋ» በል፤ ለባትሪውም ለቻርጀሩም ለየብቻ አለ፣ ሁለቱንም ቀይር። ዝም ብሎ እንዳይተኛ ደግሞ እዚያው ላይ የመተኛ ሰዓቱን «በጭራሽ» አድርገው። ክዳኑን ዘግተህ ስታስቀምጠው የአየር መውጫው እንዳይደፈን እንጨት ነገር ላይ አድርገው፤ ትራስ ወይም ምንጣፍ ላይ አይሁን።